ኮሶ ያልሆነው ክኒን

መጀመሪያ ማሳከክ ነበር። ሽፍታ የለው፣ ቁስል የለው፤ ዝም ብሎ ማሳከክ። እኔ ጥፋቱን በምለብሰው ባና አሳበብኩ። ባለቤቴ ጥሩነሽ ባናውን ሁለት ጊዜ አጥባ ፀሐይ ላይ አሰጣችው፤ ቁንጫም አልተገኘበት። «ባናው ምን አደረገህ? የታመምክስ አንተ!» አለችኝ። እኔም ጀርባዬን በበሩ መቃን እያሸሁ መዋል ጀመርኩ።

ኩላሊቴ በደም ግፊት መጎዳቱን ካወቅሁ ያኔ ሁለት ዓመት ሆኖኝ ነበር። መዘዞ ውስጥ በግ ነጋዴ ነኝ፤ ከመንደር መንደር በእግሬ እየዞርኩ ገዝቼ ለገበያ አደርሳለሁ። ከማሳከኩ በኋላ አጥንቴ ውስጥ ሕመም ገባ። ያኔ ፈራሁ። እግሬ እምቢ ካለ ምን ሊውጠኝ ነው?

ደብረ ብርሃን ሄጄ ለምርመራ ደም ሰጠሁ። ሐኪሟ ልጄን የምታክል ናት። «አባባ፣ ፎስፌትዎ በጣም ከፍ ብሏል። ከምግብ ነው የሚገባው፤ የሚያስወጣው ደግሞ ኩላሊት ነበር። ደም ውስጥ ሲከማች ያሳክካል፣ አጥንት ያዳክማል፣ የደም ሥር ያደድራል» አለችኝ። ካልሲየም ካርቦኔት የሚባል ክኒን አዘዘችልኝ፤ በቀን ሦስት፣ ከምግብ ጋር እየታኘከ።

ከምግብ ጋር ማለቷን ሰምቻለሁ። ግን እኔ ያደግሁት በኮሶ ነው። አባቴ ኮሶ የሚያጠጣን ጎህ ሲቀድ፣ ውሃ እንኳ ሳንቀምስ ነበር። መድኃኒት እህል ካገኘ ይሰንፋል ይል ነበር። ይቺ ልጅ ምን ታውቃለች አልኩና ሦስቱንም ማለዳ በባዶ ሆዴ እየዋጥኩ እስከ ረፋድ ምንም ሳልቀምስ እቆይ ነበር። አንድም ቀን አላጓደልኩም። ኮርቼም ነበር!

በሁለተኛው ወር ተመለስኩ።

ውጤቱ ጨምሯል።

በቃ፣ አለቀልኝ አልኩ።

«ክኒኑን እንዴት ነው የሚወስዱት?» አለችኝ። ነገርኳት። ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ «አባባ፣ ይሄ ኮሶ አይደለም። ምግቡ ውስጥ ያለውን ፎስፌት ሆድ ውስጥ ይዞ በሰገራ ነው የሚያስወጣው። ምግብ ከሌለ ምኑን ይያዝ?» አለች። ለካ እኔ ቀረጥ ሰብሳቢውን ገበያው ሳይቆም ቀስቅሼ፣ በጉ ሲገባ ወደ ቤቱ ስሸኘው ኖሬያለሁ! አፈርኩ። ወተቱንና ጥራጥሬውን በልክ እንዳደርግ፣ ጥቁር ለስላሳውን ጨርሶ እንድተው መከረችኝ።

ቤት ውስጥ ቀላል ነበር። ሰው ፊት ግን፣ ከሰው ጋር በአንድ ትሪ ቀርቤ ክኒን ማውጣት ሞት መሰለኝ። ምን በሽታ ያዘው ይሉኛል ብዬ አንድ ማኅበር ላይ ኪሴ ውስጥ ደብቄው ተመለስኩ። ጥሩነሽ ይህን ስትሰማ፣ «የበጉን ጥርስ ለዓለም ሁሉ እየገለጥክ ታሳያለህ፤ በራስህ ጥርስ አንዴ ለማኘክ ታፍራለህ? እግርህ ነው ወይስ ይሉኝታህ የሚበልጥብህ?» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ክኒኔ ከቀኝ ኪሴ ጠፍቶ አያውቅም፤ ሰርግም ይሁን ተዝካር፣ ከመጀመሪያው ጉርሻ ጋር አኝከዋለሁ። ማሳከኩ ቀስ በቀስ እየሳሳ ሄደ፣ ሕመሙም ለቀቅ አደረገኝ፣ ሐኪሟም ከወራት በኋላ ወረቀቱን አይታ «አባባ፣ ፎስፌትዎ ልኩ ውስጥ ገብቷል!» ስትል ከወንበሬ ተነሥቼ ግንባሯን ሳምኳት። በሳምንቱ ሁለት ሰዓት ያህል በእግሬ ተጉዤ ሰባት ሙክት እየነዳሁ ተመለስኩ። ኩላሊቴ አልዳነም፤ ክትትሌም አላቋረጥኩም። ግን እግሬ የኔ ነው።

በቅርቡ አንኮበር የእህቴ ልጅ ሲዳር ከሽማግሌዎች ጋር በአንድ ትሪ ቀረብን። ባርከው ሲያበቁ እጄን ወደ ኪሴ ሰደድኩ። ጥሩነሽ ለዘመድ ሁሉ አውርታ ኖሯል፤ ከሽማግሌዎቹ ታላቁ፣ «ቆዩ እስኪ፣ የሱ ክኒን ይውጣ» አሉ። ሁሉም እጁን ሰብስቦ ጠበቀኝ። ሳኝከው ድምፁ ተሰማ፤ ማንም አልሳቀም። «በል አሁን» ብለው የመጀመሪያውን ጉርሻ እሳቸው አጎረሱኝ። ዓይኔ እንባ አቀረረ።

እንደኔ ፎስፌት ከፍ ያለባችሁ ወገኖቼ፣ ክኒኑ ለየሰዉ ይለያያልና አወሳሰዱን ሐኪማችሁን ደግማችሁ ጠይቁ፤ የምታደርጉትንም ሳትደብቁ ንገሩ። ፈጣሪዬን፣ ጥሩነሽንና ሐኪሜን አመሰግናለሁ። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ስለ ኮሶ ልክ ነበር። ስለ እኔ ግን ልክ የነበረችው ያቺ ልጅ ናት።