ቋሚ ደመወዝ ያለው ዋስ

ጉራ አይሁንብኝና በሸሚዝ ኮሌታ የሚስተካከለኝ አልነበረም። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ አራት ዓመት ሰፍቻለሁ። ፋብሪካው ትእዛዝ አጥቶ ሲዘጋ ሁላችንም በአንድ ቀን ሥራ ፈታን። ሌሎቹ ሲያለቅሱ እኔ «ባለሙያ የት ይወድቃል!» ብዬ ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ወጣሁ።

ዓመት አለፈ፣ ሁለተኛውም ተጋመሰ። ሀዋሳ ውስጥ ያልረገጥኩት የስፌት ቤት ደጃፍ የለም። ጥያቄያቸው አንድ ነው፤ «ከዚያ ወዲህ ምን ስትሠሪ ነበር?» ሥራ ስፈልግ ነዋ! ብዙ የተቀመጠ ሰው የሆነ ጉድ ያለበት ይመስላቸዋል። ያናድዳል።

በመጨረሻ እዚሁ ሀዋሳ፣ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ያለ አንድ የዩኒፎርም ስፌት ቤት ፈተነኝ። ባለቤቱ የሰፋሁትን ኮሌታ ገልብጦ አየና «ሰኞ ግቢ» አለኝ። ዘልዬ አንቄ ልስመው ምንም አልቀረኝ። ቀጠለና «ቋሚ ደመወዝ ያለው ዋስ ይዘሽ» አለ።

ዋስ! ከየት ይምጣ? ሠራተኛ ብዬ የማውቀው የፋብሪካ ጓደኞቼን ነበር፤ እነሱም እንደኔው ቤት ተቀምጠዋል። ታቦር ሰፈር የሚኖሩት አጎቴ የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው። «ልጄ፣ ይህን ያህል ጊዜ ሥራ ፈት ከርመሽ፣ ነገ ጥለሽ ብትጠፊስ?» ብለው አፈገፈጉ። የገዛ አጎቴ!

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። የድሮ ሱፐርቫይዘሬ ትዝ አሉኝ። ፋብሪካው ሳይዘጋ ወጥተው ሙያ ማሠልጠኛ ኮሌጅ ያስተምራሉ። እኔና እሳቸው አንድ ቀን ተስማምተን አናውቅም፤ በኮታው፣ በምሳ ሰዓቱ፣ በሁሉም እንጨቃጨቅ ነበር። ቢሆንም ባጃጅ ይዤ ሄጄ ኮሌጁ በር ላይ ጠበቅኳቸው።

«አንቺ ነገረኛ! አለሽ?» አሉኝ።

«አለሁ። ዋስ ይሁኑኝ ብዬ ነው የመጣሁት።»

ከት ብለው ሳቁ። «ዘመድ የለሽም እንዴ?»

«አጎቴን ጠይቄያቸው ነበር፣ ፈሩ።»

«ሥራ ላይ አላዩሽማ!» ሳቃቸውን አቆሙ። «እኔ አጠገብሽ ቆሜ ከርሜያለሁ። አፍሽ አያርፍም፣ እጅሽም አያርፍም ነበር። የት ነው የምፈርመው?»

ፋብሪካው ሲዘጋ ያላለቀስኩት እኔ፣ ተማሪው ሁሉ እያየኝ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። እሳቸው ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ባጃጁ ገቡ።

«እዚያም ሄደሽ ደግሞ አለቃሽን እንዳትጨቀጭቂ» አሉኝ።

«አልዋሽዎትም፣ እጨቀጭቃለሁ» አልኳቸው።

«እንግዲያው ቶሎ ግቢ» አሉ፣ «ሳይዘጉ እንድረስ።»