የጋሽ ከድር ኮት

ይህን ነገር ለባለቤቴም ለንስሐ አባቴም ተንፍሼው አላውቅም። እናንተ ስለማታውቁኝ ይቀለኛል ብዬ ነው።

በደርግ ጊዜ አምቦ ላይ አስተማሪ ነበርኩ። የቀበሌውን የኪነት ቡድን የማሠለጥነውም እኔ ነበርኩ። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ አንድ የቆየ የጣሊያን ኮሜዲ አንብቤያለሁ። ስስታም ሽማግሌ ነጋዴ፣ ጠግቦ የማያውቅ አሽከር፣ የሚፋቀሩ ልጆች ያሉበት፤ መጨረሻው ላይ ሽማግሌው ይታረቅና ሠርግ ይሆናል። ሳነበው ብቻዬን እንደ እብድ ስቄያለሁ። ወደ አማርኛ መለስኩት። እንዳለ ብተወው ምን ነበረበት?

እኔ ግን ዘመናዊ ላድርገው አልኩ። የቀበሌው ሊቀመንበር ደስ እንዲለው ፈልጌ ነው፤ እውነቱ ይሄ ነው። ለሽማግሌው ያዘጋጀነውን ጭምብል ጣልኩ። ሠርጉንም ቆረጥኩና ነጋዴው ስኳር ደብቆ ሲታሰር እንዲያልቅ አደረግሁ።

ልብስ ያዋሱን ጋሽ ከድር ናቸው፤ ከስልጤ አገር መጥተው ገበያው አጠገብ ጨርቅ የሚሸጡ። ክርኑ ላይ የተጣፈውን፣ ከተማው ሁሉ የሚያውቀውን ቡናማ ኮታቸውን አውልቀው ሰጡኝ። «ሰዉ ይሳቅ እንጂ፤ ሳቅ ናፍቆናል» አሉ። ሠርግ ያለበት ቀልድ ነው ብያቸው ነበር።

ሽማግሌውን የሚጫወተው ቶሎሳ ልምምድ ላይ ኮቱን እንደለበሰ ወደ እኔ መጣ። አስተማሪ ለማለት በርሲሳ ነበር የሚለኝ። «በርሲሳ፣ ይሄ እኮ ኦቦ ከድር ናቸው። ቢያንስ ጭምብሉን መልስልኝ።» ገባኝ። ገብቶኝም እምቢ አልኩት።

ጋሽ ከድርን ከባለቤታቸው ጋር ፊት ወንበር ላይ ያስቀመጥኳቸውም እኔ ነኝ። ቶሎሳ ሲገባ ሰዉ ኮቱን አይቶ ሳቀ፤ እሳቸውም ሳቁ። ከዚያ በኋላ የሳቀ የለም። አሽከሩ በቀልድ ፈንታ እኔ የጻፍኩለትን ንግግር ያነበንባል። ያን የመሰለ ኮሜዲ ስብሰባ አደረግሁት።

መጨረሻ ላይ አሽከሩ ወደ ቶሎሳ እየጠቆመ «አሻጥረኛ ነጋዴ ይውደም!» አለ። በዚያን ጊዜ መፈክር ሰምቶ ቁጭ የሚል ሰው አልነበረም፤ ተውኔት ይሁን ስብሰባ ማን ይለያል? አዳራሹ በሙሉ ተነስቶ ግራ እጁን አነሳ። ጋሽ ከድርም ተነሱ። በገዛ ኮታቸው ላይ ግራ እጃቸውን አንስተው «ይውደም!» አሉ። ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ ድምፃቸውን ለይቼ ሰማሁት።

ያኔ ወጥቼ ተውኔት ነው ብዬ መጮህ አልነበረብኝም? እኔ አጨበጨብኩ።

ሳምንት ሳይሞላ ሱቃቸው ታሸገ። የተገኘባቸው ነገር አልነበረም፤ ጥርጣሬው በቃ። ኮቱን ልመልስ ስሄድ ባለቤታቸው ዕቃ ይጠቀልላሉ። «ልጄ፣ እሱን ለብሼ የት እወጣለሁ? እዚያው ይሁንላችሁ» አሉኝ ጋሽ ከድር። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

እዚህ ላይ ላቆም አስቤ ነበር። የባሰው ግን ገና ነው። እሳቸው አገራቸው ከገቡ በኋላ ሊቀመንበሩ ተውኔቱ ጊንጪም ይታይ አለ። ቶሎሳ አልጫወትም ብሎ ቀረ። ኮቱን እኔ ራሴ ለበስኩት። ለብሼው መድረክ ላይ ወጣሁ።

ፈርቼ ነው ልል እችላለሁ፤ ፈርቼም ነበር። ጊንጪ ላይ ሲጨበጨብልኝ ግን ደስ ብሎኛል። ይህንንስ በፍርሃት ላሳብብ? ጋሽ ከድር ሞተዋል ሲባል ሰምቻለሁ። እናንተም በእሳቸው ፈንታ ይቅር አትበሉኝ።