አጎቴ ከጅቡቲ ያመጣው ቁጥቋጦ

ልጅ ሳለሁ፣ እናቴ በሞተች ሰሞን፣ ከአቦምሳ ወደ ሞጆ አጎቴ ቤት መጣሁ። አጎቴ ቱፋ የእናቴ ወንድም ሲሆን የጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና ሹፌር ነበር፤ ድምፁ ጎርናና፣ ጨዋታው የማይጠገብ። ሚስቱን «እታለም» ነበር የምላት። ቤቱ ድሮውንም በልጅ የተሞላ ነው። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረኝም፤ ብቻ አንድ ቀን አንዲት ጎረቤት «ይቺስ እዚሁ ልትቀር ነው?» ብላ እታለምን ስትጠይቃት ሰማሁ። መልሷን አልሰማሁም። ከዚያ ወዲያ ማዕድ ላይ እጄ አጠረ፤ አቦምሳ ወደማላውቀው ዘመድ የሚመልሱኝ እየመሰለኝ ቁራሽ እንኳ ሳነሳ እሳቀቅ ነበር።

ያኔ አጎቴ ከመንገድ የተመለሰበት ምሽት ለእኛ በዓል ነበር። መብራት ከጠፋማ ምን ተገኝቶ! ኩራዝ ይለኮሳል፣ ከሰሉ እየጋመ ፊታችንን ያቀላዋል፣ አጎቴም ናፍጣ ናፍጣ በሚሸት ጃኬቱ መሃላችን ተቀምጦ ተረቱን ይጀምራል። በእሱ ተረት ጅብና ጦጣ ሳይቀሩ ሹፌሮች ናቸው፤ ጅቡ አዋሽ ላይ ጎማ ይፈነዳበታል፣ ጦጣዋ ኬላ ላይ ፈታሾቹን አታልላ ታልፋለች።

አንድ ጊዜ ታዲያ ከጅቡቲ ደረቅ ቁጥቋጦ ይዞ መጣ። ጠፍጣፋ፣ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው፣ ቅርንጫፉ እንደ ወንፊት የተጠላለፈ፣ የከሰል ማራገቢያ የሚያህል ነገር ነው። ዓሣ አጥማጆች መረባቸው ውስጥ አግኝተው ሰጥተውት ነው። ልጆቹ አገላብጠው አይተው ሲሰለቻቸው እኔ ወሰድኩና በዘይት ቆርቆሮ አፈር ሞልቼ ተከልኩት። የባሕር ስለሆነም ውሃው ውስጥ ጨው እየበጠበጥኩ አጠጣው ጀመር። ካቆጠቆጠ እዚህ ቤት እቀራለሁ ብዬ በልቤ ተስዬ ነበር።

እታለም ጨው ቶሎ ቶሎ ሲያልቅባት ተከታትላ ደረሰችብኝ። ሳቋ ግቢውን ሞላው። ማታ ለአጎቴ ስትነግረው እሱም ሊስቅ ብሎ ፊቴን ሲያይ ተወው። ለምን እንደተከልኩት ጠየቀኝ፤ ስእለቴን እያለቀስኩ ነገርኩት። እታለም ሳቋ ጠፋ። አጎቴ ከሰሉን ጫር ጫር አደረገ።

«ይሄ ዛፍ አይደለም፣ ኢንተላኮ፣ ልጄ። ሰፈር ነው» አለኝ።

ዓሣ አጥማጆቹ እንደነገሩት በየቀዳዳው ስምንት እጅ ያላት ትንሽ ፍጥረት ትኖራለች አለ። ውሃው ያመጣላትን ምግብ በእጆቿ ትቀልባለች፤ ግድግዳቸው ውስጥ ለውስጥ የተበሳ ስለሆነ አንዷ የዋጠችው ለሁሉም ይዳረሳል። አንድ ቀን ታዲያ እናቷ የሞተችባትን አንዲት ሚጢጢ ማዕበል እያንገላታ አመጣት። ደጃፉ ላይ ደርሳ መግባት ፈራች።

«የሰፈሩ ሰዎች ምን አሏት መሰለሽ? ግቢ እንጂ! ያንቺ እጆች ሲጨመሩ እኮ የምንቀልበው ይበዛል።»

እታለም ከጎኔ መጥታ ተቀመጠችና ታጎርሰኝ ጀመር። ያን ማታ ጠግቤ በላሁ። እዚያው ቤት አድጌ፣ ከዚያው ቤት ተዳርኩ።

ዛሬ አዳማ ውስጥ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ያ ቁጥቋጦ የባሕር ማራገቢያ የሚባል እንስሳ መሆኑን የተማርኩት ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ነው። ኮራል ከሚባሉት የባሕር እንስሳት መካከል፣ የድንጋይ ቤት ከሚሠሩት ተለይቶ ከለስላሳዎቹ ወገን ይመደባል፤ የወገኑ መለያም ያው ስምንቱ እጅ ነው። መምህሩ ይህን ሲያስረዳ ብቻዬን ሳቅኩ። የተበሳው ግድግዳም፣ ምግብ መካፈሉም እውነት ሆኖ ተገኘ።

አንዱ ነገር ግን ውሸት ነበር። የአንድ ሰፈር ነዋሪዎች ሁሉ ከአንዲት መሥራች ያቆጠቆጡ ናቸው። ማዕበል ያመጣት ሚጢጢ አለት ፈልጋ ብቻዋን አዲስ ሰፈር ትጀምራለች እንጂ የሰው ሰፈር አትገባም። ያቺን ክፍል አጎቴ ከዓሣ አጥማጅ አልሰማትም፤ ያን ማታ ፊቴን እያየ ለእኔ ብሎ የፈጠራት ናት። ይህ ሲገባኝ በደስታ አለቀስኩ። ለተማሪዎቼ የማስተምረው ትክክለኛውን ነው፤ ፈተና ላይም አወጣዋለሁ። ኮራሎቹ እንግዳ አያስገቡም። አጎቴና እታለም ግን አስገቡኝ።