ካቴተሩ ከወጣ በኋላ

በወንዶች የቀዶ ሕክምና ክፍል ሥራ የጀመርኩ ቀን፣ በሩ ላይ ሲያዩኝ በሽተኞቹ ሁሉ ጋቢያቸውን እስከ አንገታቸው ሳቡት። ከዚያ በፊት የሠራሁት ማዋለጃ ክፍል ነበር። የክፍሉ ኃላፊ ነርስ አቶ ጴጥሮስ ሰላምታዬን እንኳ በወጉ ሳይቀበል መስኮቱ ሥር ወደተኙት ሽማግሌ መራኝ። ሽማግሌው ከዳሞታ ተራራ ግርጌ የመጡ ገበሬ ናቸው፤ ፕሮስቴታቸው፣ ከፊኛ ሥር ያለው እጢ፣ የወጣው ትናንት ነው። ካቴተራቸው፣ ማለትም የሽንት ቱቧቸው፣ በረጋ ደም ተደፍኖ ፊኛቸው ተወጥሯል።

"ወንድ ነርስ የለም ወይ?" አሉ ለአቶ ጴጥሮስ፣ እኔን ሳያዩ።

"አለ። ግን እጁ እንደሷ አይፈጥንም" አላቸው። እጄን ገና አላየውም ነበር።

ጓንት አጠለቅሁ፤ ትልቁን ሲሪንጅ በሳላይን፣ በንጹሕ የጨው ውሃ፣ ሞልቼ ቀስ ብዬ ገፋሁ፤ መልሼ ሳብኩ። የረጋው ደም ወጣ። ሽንቱ ወደ ከረጢቱ መውረድ ሲጀምር ሽማግሌው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱና "ጦሲ አንጆ" አሉኝ፤ እግዚአብሔር ይባርክሽ ማለታቸው ነው። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ከዚያ ክፍል አልወጣሁም።

ሥራውን ያስተማረኝ አቶ ጴጥሮስ ነው። የሽንት ቀለም ማየት አስተማረኝ፤ ፈዛዛ ሮዝ ከሆነ ደህና ነው፣ እየቀላ ከሄደ ፊኛውን የሚያጥበውን ሳላይን ማፍጠን ነው፣ ደሙ ወፍሮ ከወረደ ሐኪም መጥራት ነው። ቱቦው እንዳይጎተት ጭን ላይ በፕላስተር ይያዛል። ከረጢቱ ከፊኛ ዝቅ ብሎ ይሰቀላል፤ መሬት ግን አይነካም። በሽተኛው ሲወጣ ውሃ ጠጡ፣ ከባድ ነገር አታንሱ፣ ለጊዜው ዳታ በርበሬውን ተዉት እንላለን። ምክራችን እዚያ ላይ ያበቃ ነበር።

ወንዶቹ ግን አያበቁም። ካቴተሩ ወጥቶ፣ ልብሳቸውን ለብሰው፣ በሩ ጋ ሲደርሱ ይቆማሉ። "ሌላውስ?" ይላሉ። "ምኑ?" ብላቸው "ተይው" ብለው ይሄዳሉ። ምን ማለታቸው እንደሆነ ግን አውቅ ነበር።

በሽንት አካላት ቀዶ ሕክምና የሠለጠነ ሐኪም ሲመጣልን ነገሩ ተለወጠ። ዶክተር ምሕረቱ የሶዶ ልጅ ነው፤ ወላይትኛውም አማርኛውም ይፈስለታል። ስለ ሽንት በሚያወራበት ድምፅ ስለ አልጋም ያወራል። ለእኛ ለነርሶቹም እንዲህ ሲል አስረዳን፦ ካንሰር የሌለበት ያበጠ ፕሮስቴት ሲሆን የሚወጣው የውስጡ ሥጋ ነው፤ አብዛኛው ሰው ወንድነቱ እንደነበረ ይቀጥላል፤ ዘሩ ግን በመውጣት ፈንታ ወደ ፊኛ ይመለሳል። ካንሰር ሲሆን ግን እጢው በሙሉ ይወጣል። ብልትን የሚያቆሙት ነርቮች እጢው ላይ ተለጥፈው ያልፋሉ፤ ቢተርፉም ይጎዳሉ። እንዲህ በግልጽ የሚናገር ሐኪም ከዚያ በፊት አላጋጠመኝም።

መምህር ሞሊሶ ከዲምቱ የመጡት በዚያ ጊዜ ነው። ጡረታ የወጡ የሳይንስ አስተማሪ፣ ረጅም፣ ኮታቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ። ባዮፕሲው፣ ከእጢው የተወሰደው ናሙና ምርመራ፣ ካንሰር አሳየ፤ ደግነቱ ከእጢው አልወጣም። ዶክተር ምሕረቱ የሚመጣውን ሁሉ ነገራቸው። "ገባኝ" አሉ። የኦፕራሲዮኑ ፈቃድ ወረቀት ላይ እሳቸውና ወንድማቸው ፈረሙ። ሚስታቸው ወይዘሮ ታደለች ኮሪደር ላይ ነበሩ።

ኦፕራሲዮኑ ተሳካ። በአንድ ወገን ያለው ነርቭ ተረፈ። ካቴተሩን ያወጣሁላቸው እኔ ነኝ። ለክትትል በመጡ ቁጥር ዶክተሩ እንዴት ነዎት ይላቸዋል፤ "ደህና ነኝ፣ በጣም ደህና" ይላሉ፤ ኮታቸውን አስተካክለው ይወጣሉ።

አንድ የገበያ ቀን ወይዘሮ ታደለች ብቻቸውን መጡ። የተመላላሽ ታካሚዎች ክፍል ሰው እስኪቀንስ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብለው ጠበቁ።

"ሴት ስለሆንሽ ነው አንቺ ጋ የመጣሁት ሲስተር" አሉኝ። "የማርቆስ አባት መኝታ ለየ። ሳሎን ነው የሚተኛው። ሽንት ያመልጠኛል፣ ፍራሹን አበላሻለሁ ይላል። ፍራሽ ይታጠባል አልኩት።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ሐዋሳ ልጆችሽ ጋ ሂጂ አለኝ። ከእኔ ጋር ምን ትሠሪያለሽ አለኝ።" ያለቅሳሉ ብዬ መሐረብ ፈለግሁ። እሳቸው ግን ተቆጥተው ነበር። "በመጀመሪያ ሌላ ሴት ይዟል ብዬ ነበር። አይደለም። ቤተ ክርስቲያንም ቀርቷል፤ እሸታለሁ ይላል። ካንሰሩን አብረን ተቀበልን። ይኼኛውን ለብቻው የሚይዘው በምን ሥልጣኑ ነው?"

በዚህ አገር አንዲት የቤተ ክርስቲያን ሴት ስለ ባሏ መኝታ ለመናገር ከዲምቱ በሚኒባስ መምጣቷ ምን ያህል ድፍረት እንደሚጠይቅ የአገሩ ሰው ያውቃል። እጃቸውን ይዤ ዶክተሩ ጋ ገባሁ። "በሚቀጥለው ቀጠሮ ሁለቱም ይምጡ፤ አንቺም ተገኚ" አለኝ።

በቀጠሯቸው ቀን ወይዘሮ ታደለች ባላቸውን ተከትለው ገብተው አጠገባቸው ተቀመጡ። መምህር ሞሊሶ ጫማቸውን ጫማቸውን ያያሉ።

"መምህር፣ ምን ነበር የሚያስተምሩት?" አለ ዶክተር ምሕረቱ።

"ሳይንስ።"

"የመራቢያ አካላትንም?"

"በየዓመቱ።"

"ታዲያ ዛሬ የምናወራው ለእርስዎ አዲስ አይደለም።"

"ሰሌዳው ላይ የምስለው የእኔን አልነበረም" አሉ መምህሩ።

መጀመሪያ የሳቁት ወይዘሮ ታደለች ናቸው። ከዚያ እሳቸውም ፈገግ አሉ፤ ያን ጊዜ ሁሉንም ተናገሩ። ሲያስሉ፣ ሲነሱ፣ ሲስቁ ሽንት ያመልጣቸዋል። ብልታቸው አይነሳም፤ ያጠረም ይመስላቸዋል። አንድ ቀን ለብቻቸው ሞክረው ስሜቱ ቢመጣም ምንም ነገር ስላልወጣ ደንግጠዋል።

ዶክተሩ አንድ በአንድ መለሰ። ሽንቱ ጊዜ ይፈልጋል፤ ሽንት እየሸኑ በመሀል ለማቆም የሚጨመቀውን ጡንቻ በቀን ደጋግሞ ማጥበቅና ማላላት ይረዳል። ዘር የሚያመነጩት እጢዎች ስለወጡ ከእንግዲህ የሚወጣ ነገር የለም፤ ደስታው ግን ሌላ ነርቭ ስላለው ይኖራል። መጠኑ ጥቂት ሊያጥር ይችላል፤ ያዩት እውነት ነው። የተረፈው ነርቭ ለማገገም ወራት ይፈጃል፤ ከዓመት በላይም ሊሄድ ይችላል። "እንደ ድሮው ይመለሳል ብዬ አልዋሽዎትም" አላቸው። "በከፊል የሚመለስለት አለ፤ በክኒን የሚረዳ አለ፤ የማይመለስለትም አለ።"

ወይዘሮ ታደለች እጃቸውን እንደ ተማሪ አነሱ። "በሽታው ወደ እኔ ይተላለፋል?"

"አይተላለፍም። በፍጹም።"

መምህር ሞሊሶ ያን ጊዜ ነው ቀና ያሉት። "እርግጠኛ ነህ?" አሉ። ድምፃቸው ተለውጦ ነበር። "እኔ የሸሸኋት አንዱ በዚህ ነው። አስይዛታለሁ ብዬ።"

ወይዘሮ ታደለች ባላቸውን ለረጅም ጊዜ አዩአቸው። "ይኼን ሁሉ ወር ለእኔ ብለህ ነው ወንበር ላይ ያደርከው?" አሉ። ነጠላዬን ስቤ ዓይኔን የጠረግሁት ግን እኔ ነኝ።

ቆየት ብለው ወይዘሮ ታደለች ሌላ ጥያቄ አመጡ። "እስኪመለስ ዝም ብለን እንጠብቅ ወይስ…" ብለው አቆሙ።

"አትጠብቁ" አለ ዶክተሩ። "መተቃቀፉም መነካካቱም አይከለከልም፤ እንዲያውም ይረዳል። አንድ አካል እረፍት ላይ ስለሆነ ሌላው ሥራ አይፈታም።"

"ሰማህ?" አሉ ወይዘሮ ታደለች።

"ሰማሁ" አሉ መምህሩ።

ክኒኑን ያዘዘላቸው የደም ግፊታቸውንና ልባቸውን ከመረመረ በኋላ ነው። ጓደኛ የሚሰጠውን ወይም ሱቅ የሚሸጠውን እንዳይውጡ አስጠነቀቃቸው። እኔ የጡንቻውን ልምምድ አሳየኋቸው፤ ሆዳቸውን ሳይወጥሩ፣ ትንፋሻቸውን ሳይዙ። መምህር ሞሊሶ ከዚያ በኋላ ሚኒባስ ሲሳፈሩም፣ ጸሎት ቤት ሲቀመጡም ይሠሩት ነበር። "ማንም አያውቅብኝም፤ እንደዚህ የሚመች ስፖርት አይቼ አላውቅም" ይሉኝ ነበር። ወይዘሮ ታደለች ደግሞ ከነተበ አንሶላ የሚታጠብ ጨርቅ ሰፍተው ሱሪያቸው ውስጥ የሚገባ አደረጉላቸው። ስፌቱን አገላብጬ አየሁት፤ ከምንሰጠው ሁሉ የተሻለ ነበር። ለሌሎች በሽተኞች ቤተሰብ አሠራሩን ያስተማርኩት ከሳቸው ቀድቼ ነው።

በየቀጠሮው ጨርቁ እየደረቀ መጣ። ሌላውን ነገር ዶክተሩ ሲጠይቃቸው "ክለሳ ላይ ነን" ይሉታል። ሌላ ቀን ደግሞ "ፈተናው እንዴት ነው?" አላቸው። የመለሱት ወይዘሮ ታደለች ናቸው። "አንዳንዴ በክኒን እናልፋለን፣ አንዳንዴ ያለ ክኒን። አንዳንዴ እንወድቅና ተቃቅፈን እንስቃለን።" ዶክተር ምሕረቱ እስክርቢቶውን አስቀምጦ ሳቀ።

መምህር ሞሊሶን የማደንቃቸው ግን በዚህ ብቻ አይደለም። አቶ ዘለቀ የሚባሉ ሶዶ ውስጥ የባጃጅ መለዋወጫ የሚሸጡ ሰው ለተመሳሳይ ኦፕራሲዮን ተኝተው ነበር። በማግስቱ ቢላ ሊነካቸው ቀጠሮ ተይዞ ሳለ፣ ጠዋት በየአልጋው ስንዞር ሱሪያቸውን ታጥቀው አገኘናቸው።

"ቤቴ እሄዳለሁ" አሉ። "ወንድነቱ ጠፍቶ የሚቀር ሰው ሞቶ አይደለም ወይ? እንደ ወንድ ልሙት።"

ዶክተሩ ለመናቸው፣ አቶ ጴጥሮስም ለመናቸው። አልሰሙም። መምህር ሞሊሶ የዚያን ቀን ለቀጠሮ መጥተው ነበርና ሄጄ ነገርኳቸው፤ ስም ሳልጠራ። "የት ነው ያለው?" አሉ። ለአቶ ዘለቀ፣ ይህን መንገድ ያለፈ ሰው ሊያነጋግርዎት ይፈልጋል አልኳቸው። ትከሻቸውን ሰበቁ፤ እምቢ ግን አላሉም።

መምህሩ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። "እንደ ወንድ ሞተህ ሚስትህ ምን ታደርግሃለች?" አሏቸው።

አቶ ዘለቀ ተቆጥተው አዩአቸው። "አንተ እንደ ድሮህ ነህ?"

"አይደለሁም።"

እንዲህ ያለ መልስ የጠበቁ አይመስለኝም። መምህሩ ቀጠሉ። ስለሚያመልጠው ሽንት፣ ስለ ሳሎኑ ወንበር፣ ስለ ክኒኑ፣ አልነሳ ስላለበት ምሽት ሁሉንም ነገሩ፤ ምንም አላሳመሩም። "ድሮ ምን ደስ እንደሚላት ጠይቄያት አላውቅም" አሉ። "አሁን እንነጋገራለን። ይኼን በስተርጅና ነው የተማርኩት።" የዲምቱ ሰው ሁሉ የሚያከብራቸው አስተማሪ፣ ለማያውቁት ነጋዴ፣ ሌሎች በሽተኞች በሚሰሙበት። ያን ያህል ዘመን ስሠራ ከዚያ የበለጠ ጀግንነት አላየሁም።

አቶ ዘለቀ ቀበቷቸውን እንደያዙ ወደ እኔ ዞሩ።

"ሲስተር፣ ባለቤቴ ውጪ ናት። ጥሪልኝ። እሷም ትስማ።"

ጠራኋቸው። መምህር ሞሊሶ ከመጀመሪያው ጀመሩ።

አቶ ዘለቀ ኦፕራሲዮኑን ተደረጉ። የሳቸውን ነርቭ ማትረፍ አልተቻለም፤ ክኒኑም እምብዛም አልረዳቸውም። ካንሰሩ ግን ወጥቷል። ከባለቤታቸው ጋር አንድ ባጃጅ ላይ ተሳፍረው ነው ለክትትል የሚመጡት፣ እየተከራከሩ።

እኔ ባለፈው ዓመት ጡረታ ወጣሁ። ለሚተኩኝ ነርሶች የምለው ይህን ነው። ፕሮስቴቱ ለሚወጣ ሰው ስለ ካንሰሩ፣ ስለ ሽንቱና ስለ አልጋው በአንድ ላይ ይነገረው። ሚስት ካለችው አብራው ትቀመጥ። ይህም ከኦፕራሲዮኑ በፊት ይሁን።