የተደፈነው መስኮት

መምህር እንዳላማው ደብረ ማርቆስ ውስጥ ኬሚስትሪ ማስተማር ከጀመረ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ተማሪዎቹ የሚወዱት ትምህርቱን ከኑሯቸው ጋር ስለሚያገናኝላቸው ነበር። ቴርሞዳይናሚክስን ሲጀምር የሚያወራው ስለ ሽሮ ድስት ነው። ክዳን የሌለው ድስት ክፍት ሲስተም ነው፤ እንፋሎቱም ሙቀቱም ይወጣል። የተከደነው ዝግ ነው፤ እንፋሎቱ ይቀራል፣ ሙቀቱ ግን ያመልጣል። ፔርሙዝ ሁለቱንም ይይዛል። «ኢነርጂ አይፈጠርም፣ አይጠፋም» ይላቸዋል፤ «ጠፋ ያላችሁት ሙቀት ደጅ ወጥቶ ነው።»

ከስድስት ዓመት በፊት፣ በኅዳር ብርድ፣ ሥራነሽ የምትባል የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ እጇን አወጣች። ከደብረ ኤልያስ ገጠር መጥታ፣ ቤት ተከራይታ ብቻዋን የምትኖር ልጅ ነበረች።

«ቲቸር፣ ሦስት በሦስት የሆነ ቤት ለማሞቅ ስንት ከሰል ይበቃል?»

ጥያቄው አስደሰተው። የቤቱን አየር ክብደት ገመተ፤ አሥራ ሁለት ግራም ካርቦን ሙሉ በሙሉ ሲነድ ሦስት መቶ ዘጠና አራት ኪሎ ጁል እንደሚሰጥ ሰሌዳው ላይ ጻፈና አካፈለ። አየሩን ብቻ አሥር ዲግሪ ለማሞቅ የሚያስፈልገው ከሰል እፍኝ እንኳ አይሞላም። ተማሪዎቹ ሳቁ።

«ታዲያ ለምን እንዲህ ይበርደናል?» አለች።

«ሙቀቱ በመስኮትና በበር እየሾለከ ነዋ! ቀዳዳውን ድፈኚ፣ ሲስተሙን ዝጊው፤ እፍኝ ከሰል ይበቃሻል።»

ስሌቱን ደብተሯ ላይ ገልብጣ ስታሳየው፣ በቀይ እስክሪብቶ «በጣም ጎበዝ» ብሎ ፈረመበት።

በአምስተኛው ቀን ትምህርት ቤት አልመጣችም። አከራይዋ በሩን አሰብረው ሲገቡ ሥራነሽ እንደተኛች ሞታለች። መስኮቱ በጨርቅና በፌስታል ተጠቅጥቋል። ከአልጋው አጠገብ አመድ የያዘ ማንደጃ ተቀምጧል።

እንዳላማው ሲነግሩት ወዲያው ገባው። ከሰል አየር ሲያንሰው ሙሉ በሙሉ አይነድም። ሽታም ቀለምም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወጣዋል፤ ሙቀቱም ወደ መቶ አሥር ኪሎ ጁል ይወርዳል። ይህንን ቁጥር በዚያው ሳምንት ለስሌት ምሳሌ ብሎ ሰሌዳ ላይ ጽፎታል። ሰው እንደሚገድል ግን አልተናገረም።

ከአርባዋ በኋላ አባቷ አቶ አካለ ወልድ ደብተሯን በነጠላ ጠቅልለው ትምህርት ቤት መጡ።

«መምህር፣ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ይህ ቀዩ ምን ይላል? ይንገሩኝ።»

«በጣም ጎበዝ ይላል።»

«ሌላውስ?»

«ትምህርት ነው፣ አባቴ» አለና ዓይናቸውን ሸሸ። ሽማግሌው ደብተሩን ስመው ሄዱ።

ከዚያ ወዲህ ሰላም አጣ። «ዝግ» የሚለው ቃል ላይ ሲደርስ ዘሎት ያልፋል። የሴት ልጅ እጅ ለጥያቄ ሲነሳ ጀርባውን ሰጥቶ ሰሌዳውን ይጠርጋል። ቤቱ ውስጥ የተዘጋ መስኮት ካየ ይከፍታል፤ ባለቤቱ ዘቢደር ልጆቿን በብርድ ልብስ ትጠቀልላለች። መንገዱ ባይሆንም እግሩ እየመራ ሥራነሽ ትኖርበት ወደነበረው ግቢ ይወስደዋል።

በዓመቱ፣ አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ፣ በዚያ ሲያልፍ ያ መስኮት እንደገና በፌስታል ተደፍኖ አየ። ሮጦ በጥፍሩ ቦጫጨቀው። ውስጥ የነበረችው አዲሷ ተከራይ ጮኸች፤ ጎረቤት ተሰበሰበ። እሱ ፌስታሉን እንደጨበጠ አለቀሰ።

በማግስቱ ደብረ ኤልያስ ሄደ። አቶ አካለ ወልድን ያገኛቸው አውድማ ላይ ጤፍ ሲያበራዩ ነው።

«አባቴ፣ ዋሽቼዎታለሁ» ብሎ ጀመረና አንድም ሳያስቀር ነገራቸው።

ሽማግሌው መንሹን መሬት ላይ አስቀመጡ። መምህሩን እርስዎ ማለታቸውም በዚያው ቀረ።

«አሁን ለምን ነገርኸኝ?»

«መሸከም አቃተኝ።»

«እኔ ላይ ልታወርደው ነው?»

 ሽማግሌው ዞረው ወደ ቤታቸው አዩ።

«እናቷ እንዳትሰማ። ያን ቀይ ጽሕፈት ትራሷ ሥር አድርጋ ነው የምትተኛው።» ቀጥሎ ድምፃቸው ሻከረ። «የዚህ አገር ልጆች በየዓመቱ ከተማ ይገባሉ። ለነሱ ተናገር። አሁን ሂድልኝ።»

አልረገሙትም፤ አልመረቁትምም።

አሁን በየዓመቱ ኅዳር ሲገባ፣ ከትምህርት በኋላ ተማሪዎች የተከራዩበትን ቤት እየዞረ ያንኳኳል። በተዘጋ ቤት የሚነድ ከሰል ምን እንደሚያወጣ ይነግራቸዋል። ያበደ የሚሉት አከራዮች አሉ፤ ውሻ የለቀቁበትም አሉ። ማንን እንዳተረፈ አያውቅም፤ የሚያውቅበትም መንገድ የለም።

ባለፈው ኅዳር አንድ በር ሲያንኳኳ ሦስት ልጃገረዶች አንድ ብርድ ልብስ ተጋርተው ሲያጠኑ አገኘ። ማንደጃቸው ደጅ ነው፤ እንደነገራቸው አድርገዋል። ከንፈራቸው ግን በብርድ ጠቁሯል።

«ይግቡ እንጂ፣ ቲቸር» አለችው አንዷ።

አልገባም። ጋቢውን አውልቆ ሰጣትና በሸሚዝ ብቻ ወደ ቤቱ ሄደ።