አንድ ሰው የሚያደርስ ገንዘብ

አባቴ ለገሃር ሻንጣ ይሸጥ ነበር። ባቡሩ እንደ ድሮው መንገደኛ ባያመላልስም ሰፈሩ የመንገደኛ ሰፈርነቱን አልተወም። ለሥራ ዐረብ አገር የምትሄደው፣ ለትምህርት ክፍለ ሀገር የተመደበው፣ ዕቃ ሊያመጣ ድሬዳዋ የሚወርደው ሁሉ ከሱቁ ደጃፍ ቆሞ ዚፕ ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ ዋጋ ይከራከራል። አባቴ ግን ከወሎ ከመጣ ወዲህ ለቅሶ ካልጠራው በስተቀር ከአዲስ አበባ ወጥቶ አያውቅም። የዕድሜ ልክ ምኞቱ አንድ መንገድ ነበር፤ ከእናቴ ጋር መካ ሄዶ ሐጅ ማድረግ።

የሚገርመው፣ እሱ ሳይሄድ ስሙ ቀድሞት ደርሶ ነበር። ለገሃር ውስጥ ጢሙ የሸበተና ነጭ ኮፍያ የሚያደርግ ሙስሊም ነጋዴ ሁሉ «ሐጂ» ይባላል። አክብሮት ነው እንጂ ማንም ሄደሃል ወይ ብሎ አይጠይቅም። አባቴን በዚህ ስም መጥራት የጀመረው ከጎኑ ቁልፍና ጓጉንቸር የሚሸጠው ጎረቤቱ ነው፤ ከጉራጌ አገር የመጣ ክርስቲያን፣ ወሬ የሚወድ፣ ድምፁ እስከ ታክሲ ተራው የሚሰማ ሰው። ጠዋት ሱቁን እንደከፈተ «ሐጂ!» ብሎ ይጣራል። አባቴ እንደ ጥፋተኛ አንገቱን ይደፋል።

«ተው ብዬሃለሁ! ያልሄድኩበትን አትጥራኝ።»

«ትሄድ የለ? ቀብድ በለው።»

የመንገዱ ገንዘብ የሁለቱም ነበር። እናቴ ካዛንቺስ በምንኖርበት የቀበሌ ቤት መስኮት ላይ ቅመም ትሸጣለች፤ ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ እርድ። ከመስኮቱና ከሱቁ የተረፈው ባንክ ይገባል። አባቴ ወለድ ሐራም ነው ብሎ ያለ ወለድ ነው ያስቀመጠው። ሚሊኒየሙ ሲከበር ገንዘቡ ለሁለት ሰው ሊሞላ ትንሽ ቀርቶት ነበር።

ከዚያ ኑሮው ተወደደ። እኔ ያኔ ኦሎምፒያ አካባቢ ያለ አንድ ቢሮ በሒሳብ ሠራተኝነት ተቀጥሬ ገና መጀመሬ ነው፤ የዋጋ ግሽበትን ከመጽሐፍ አውቀዋለሁ። በዓይኔ ያየሁት ግን በአባቴ ሱቅ ነው። አንድ ቅዳሜ ትልቅ ሻንጣ በጥሩ ትርፍ ሸጠና ምትኩን ሊያመጣ እኔን አስከትሎ መርካቶ ወጣ። ያ ሁሉ ብር፣ ዋናውም ትርፉም ተደምሮ፣ ያንኑ ሻንጣ መልሶ አልገዛም። አባቴ ብሩን አገላብጦ አየው። አልተቀደደም፣ አልጎደለም፣ ያው የተቀበለው ብር ነው። «ሱብሐነላህ» አለ፤ «አትርፌ ከሰርኩ እኮ!» አልተናደደም፤ ተደነቀ። እኔም አብሬው ቆሜ ተደነቅሁ፤ ያ የተማርኩት ነገር በእውነት መኖሩን ያመንኩት ያን ቀን ነው።

የሐጁም ወጪ እንደዚያው ወደ ላይ ወጣ። ለሁለት ሰው ሊሞላ ትንሽ የቀረው ገንዘብ በዓመቱ ለአንድ ሰው ተኩል ሆነ። እናቴ ስትሰማ «ግማሹ ሰው ማን ነው? እግሩ ነው የሚሄደው ወይስ ራሱ?» ብላ ሳቀች። እንዲህ ከቀጠለ ገንዘቡ ባንክ ውስጥ እንደተቀመጠ መንገዱ ሊቀር ነው።

መላ ያመጣሁት እኔ ነበርኩ፤ ያመጣሁ መስሎኝ ነበር ማለት ይሻላል። አንድ እሑድ ከሰዓት ቤታችን ሻይ ይዘን ተቀምጠን፣ የሱቅ ጎረቤቱም ሊጠይቀን መጥቶ ሳለ፣ ስለ ግምጃ ቤት ሰነድ አስረዳሁ። መንግሥት ገንዘብ ሲፈልግ ሰነድ ይሸጣል፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ጨምሮ ይከፍላል። ጥቅሙ ትንሽ ነው፣ ግሽበቱን አይደርስበትም፤ ግን ገንዘቡ አይጠፋም፣ ከምንም ይሻላል። አባቴ ወለድ እንደማይነካ ስለማውቅ ዘዴ አዘጋጅቼ ነበር የመጣሁት።

«አባዬ፣ ይሄ እኮ ወለድ አይባልም። ሰነዱን በዘጠና ስምንት ብር ትገዛዋለህ፣ ቀኑ ሲደርስ መቶ ይሰጡሃል። ገዝተህ መሸጥ ነው፣ በቃ። ንግድ ነው።»

አባቴ አገጩን ይዞ አሰበ። «ጥሩ። ዕቃው የታለ?»

«ዕቃው ሰነዱ ነዋ።»

«ሰነዱ ላይ ምን ተጽፏል?»

«መቶ ብር።»

«ስለዚህ በዘጠና ስምንት ብር መቶ ብር ገዛሁ።» ወደ እናቴ ዞረ። «ልጅሽ ወለድን ኮት አልብሶ አመጣልኝ።»

ጎረቤቱ የሚስቀውን ያህል ሳቀብኝና ተራውን ያዘ። በዚያ ሰሞን አገሩ ሁሉ አክሲዮን አክሲዮን ይል ነበር፤ ባንኩ በአክሲዮን፣ ፋብሪካው በአክሲዮን፣ ሬዲዮ ሲከፈት ማስታወቂያው የአክሲዮን። እሱ የባንክ አክሲዮን ቀደም ብሎ ገዝቷል። አሁን ደግሞ በምሥረታ ላይ ያለ የዱቄት ፋብሪካ አይቷል። «ሐጂ፣ ይሄ ባንክ አይደለም። ዱቄት ነው፣ ዱቄት! የዱቄት ዋጋ ሲወጣ ድርሻህም አብሮ ይወጣል። ዋጋ ስታሳድድ ከምትኖር ከሚወደደው ነገር ላይ ብትሳፈርስ?» ጥሩ ተናግሯል። አባቴም «ሽርክና ነው፤ ሽርክና ይፈቀዳል» አለ።

በማግሥቱ ሦስታችን ቢሯቸው ሄድን፤ እዚያው ካዛንቺስ፣ አዲስ ሕንፃ ላይ ነው። በመስታወት ሣጥን ውስጥ የፋብሪካው ሞዴል ተቀምጧል፤ የስንዴው ማከማቻ፣ አጥሩ፣ ጭነት መኪኖቹ ሳይቀሩ። አባቴ ጎንበስ ብሎ በሁሉም ጎን አየው። ዓይኑ እንደ ሕፃን ዓይን በርቶ ነበር። «ይሄ አንድ ቀን እውነት ይሆናል?» ብሎ ጠየቀ። የቢሮዋ ልጅ ኮፍያውን አየት አድርጋ «ኢንሻአላህ» አለችው። ወደ ቤት ስንመለስ «አምሮኛል» አለ። እኔ ገና መሬት እንኳ ያልያዘ ድርጅት ነው፣ ይቅርብህ አልኩት። ጎረቤቱ ፈሪ ነህ አለኝ። አባቴ በእኛ መካከል ሲዋልል ሰነበተ፤ ገንዘቡ እዚያ ገብቶ ቢጠፋ መንገዱ እንደሚጠፋ ያውቃል፣ ዝም ብሎ ቢቀመጥም እንደሚያልቅ ያውቃል።

አጎቴ፣ የእናቴ ወንድም፣ ከደሴ የደወለው በዚያ ሳምንት ነው። በራሱ ገንዘብ ለዚያ ዓመት ሐጅ ሊመዘገብ እንደሆነ ሊነግረን ነበር።

ዓርብ አባቴ ከጁምዓ ሲመለስ ኮፍያውን ሳያወልቅ ተቀመጠ።

«ይሄ ገንዘብ ዛሬ አንድ ሰው ያደርሳል» አለ። «ሰነድም ልግዛበት አክሲዮንም ልግዛበት፣ ለከርሞ ማንን እንደሚያደርስ አላውቅም። ዛሬ የሚያደርሰውን ግን አውቃለሁ።» እናቴን አያት። «ከወንድምሽ ጋር ትሄጃለሽ።»

«አበድክ እንዴ? አንተ ሐጂ እየተባልክ ኖረህ እኔ ልሂድ?»

«እኔ ባገኘሁ ጊዜ ብቻዬን ብድግ ብዬ እሄዳለሁ። አንቺ ግን ወይ ባል ወይ ወንድም ወይ ልጅ አብሮሽ መሄድ አለበት፤ ያ ደግሞ የሁለት ሰው ገንዘብ ነው። ዘንድሮ ወንድምሽ በራሱ ይሄዳል። ይሄ መቼ ይገኛል? አብሽሪ።»

እኔ ያን ሁሉ ቀን ይህን ያህል ይጨምራል፣ ያንን ያህል ያተርፋል ስል ነው የሰነበትኩት። እሱ ዕድሜውን ሙሉ የተመኘውን ነገር፣ ሻይ አቀብዪኝ እንደሚል ሰው ቀለል አድርጎ ሰጣት። እናቴ ተነሥታ ጓዳ ገባች፤ ስታለቅስ ይሰማን ነበር፣ ሁለታችንም አልተከተልናትም።

እሷ ርካሹን ሻንጣ ልትወስድ ስትል አባቴ ከሱቁ ከሁሉ የተሻለውን አውርዶ አመጣላት። ጎረቤቱ ጓጉንቸር ጨመረበት። የመሄጃዋ ቀን አባቴ ተንበርክኮ ሻንጣውን ዘጋላትና ጆሮዋ ላይ ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር ነገራት። እኔ አልሰማሁም፤ የባልና የሚስት ነገር ነው ብዬ ፊቴን አዞርኩ።

ሐጃ ሆና ተመለሰች። አባቴ ያመጣችለትን የዘምዘም ውሃ በሁለት እጁ ተቀብሎ ጠጣ፣ ከዚያ የሆነውን ሁሉ አንድ በአንድ አስወራት፤ ሰው ሲበዛ እንዴት ነበር፣ ሙቀቱስ፣ ካዕባን መጀመሪያ ስታዪው ምን አልሽ። እሷ ስታወራ ከንፈሩ አብሯት ይንቀሳቀስ ነበር። በማግሥቱ ጎረቤቱ እንደ ልማዱ «ሐጂ!» ብሎ ሲጣራ አባቴ ሱቁ ድረስ ሄደ።

«ከዛሬ ጀምሮ በስሜ ጥራኝ» አለው። «ቤቴ እውነተኛዋ አለች፤ አፍራለሁ።»

ጎረቤቱ ነገሩ ቀልድ እንዳልሆነ ገባው። ከዚያ ወዲያ አንድም ቀን ሐጂ አላለውም።

የዱቄት ፋብሪካው ከመስታወት ሣጥኑ ሳይወጣ ቀረ። ጎረቤቱ እዚያ የከተተው ገንዘብ የውሃ ሽታ ሆነ፤ የባንኩ አክሲዮን ግን ጥሩ ስለከፈለው «ተቻችለዋል» ብሎ ይስቃል። አባቴ ከተረፈችው ጥቂት ብር ጀመረ። ሊደርስበት ሲል ዋጋው ፈቀቅ ይላል፣ እሱም እንደገና ይቆጥባል። ላግዝህ ስለው «የራስህን መንገድ ቆጥብ» ይለኛል። ካዛንቺስ ያለው ቤታችን ፈርሶ ጎተራ ኮንዶሚኒየም ስንገባ የእናቴ የቅመም መስኮትም ቀረ፤ ቁጠባው የሱ ብቻ ሆነ። ሲያማርር ሰምቼው አላውቅም። ሳይሄድ ሞተ። ሞት ለሁሉም ነው፤ ያ መንገድ ግን አንጀቴን በላው።

በዓመቱ፣ ቢሮ ውስጥ ከፍ ብዬ የሁለት ሰው መንገድ የሚችል ገንዘብ ስይዝ፣ የመስጊዳችንን ሼህ ላማክር ሄድኩ።

«ለአባቴ ሐጅ ላደርግለት እፈልጋለሁ።»

«ለራስህ አድርገሃል?»

«አላደረግሁም።»

«ለሌላ ሰው የሚሄድ መጀመሪያ ለራሱ የሄደ መሆን አለበት፣ ልጄ። ከቤታችሁ የሄደ ሰው አለ?»

ከቤታችን የሄደ አንድ ሰው ብቻ ነበር።

ጎተራ ደርሼ ለእናቴ ስነግራት ምንም አልገረማትም። «አባትህ ያኔ ነግሮኛል እኮ» አለች። «ሻንጣውን ሲዘጋልኝ። አንዳችን ከደረስን ሌላችን አንቀርም፤ እኔ ሳልሄድ ብሞት አንቺ ትሄጂልኛለሽ፣ ነው ያለኝ። አንተን ነበር የምጠብቀው። አብሮኝ የሚሄድ ልጅ ያስፈልገኛል።»

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። እኛ ስለ ሰነድና ስለ አክሲዮን ስንጨቃጨቅ በነበረበት በዚያ ሳምንት፣ እሱ ያችን ለአንድ ሰው የምትበቃ ገንዘብ ለሁለት ሰው እንድትበቃ አድርጎ ጨርሶ ነበር። ይህን አስቦ፣ ለሚስቱ ብቻ ነግሮ፣ ያን ሁሉ ዓመት ዝም ብሎ ሻንጣ ሲሸጥ ኖረ። እንዲህ ያለ ሰው አባቴ መሆኑን ሳስብ እስከ ዛሬ ይደንቀኛል።

አብረን ሄድን፤ እኔ ለራሴ፣ እሷ ለእሱ። አውሮፕላኑ ውስጥ ወንዶቹ ሁሉ ነጭ ጨርቅ ለብሰናል። የሐጁ ሐሳብ የሚያዝበት ቦታ መድረሳችን ሲነገር ከፊት እስከ ኋላ «ለበይክ»፣ አቤት ጌታዬ፣ የሚለው ድምፅ ተነሣ። እኔ በራሴ ስም አልኩ። እናቴ ከጎኔ ዓይኗን ጨፍና፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ የአባቴን ስም ከነአባቱ ጠርታ አለች። ስሙን እዚያ፣ ሰማይ ላይ፣ በእሷ አፍ ሰማሁት። ከዚያ በኋላ ካዕባን አየሁ፤ ስለሱ እናቴ የነገረችው ይበቃል፣ እኔ አልችልም።

ከተመለስን በኋላ እናቴ መጀመሪያ መሄድ የፈለገችው ለገሃር ነው። ጎረቤቱ አርጅቷል፣ ግን አሁንም ጓጉንቸሮቹ መካከል ተቀምጧል። ለማን እንደሄደች ሰምቶ ስለነበር ሲያያት ብድግ አለ።

«እንኳን ደህና መጡ፣ ሐጃ።» የአባቴን የድሮ ሱቅ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እርሱስ? ተፈጸመለት?»

«ተፈጽሟል።»

«እንግዲያ አሁን በዚያ ስም ብጠራው አይቆጣኝም?»

«አሁን ጥራው» አለች እናቴ።

ፊቱን ወደ አባቴ ሱቅ አዞረ። ከዚያ እስከ ታክሲ ተራው በሚሰማው በዚያ በድሮ ድምፁ «ሐጂ!» ብሎ ተጣራ።