«ስደተኞች» ሆነን የዋልንበት ክፍል

«ስደተኞች፣ ወንበሮቹን መልሱ!»

ዛሬ ወረታ፣ ኮሌጃችን ውስጥ መምህራችን እንዲህ ብሎን ወጣ። እስካሁን እያንገሸገሸኝ ነው።

የምንማረው የዓለም አቀፍ ቀውስ አፈታት ነው። ለልምምድ ብሎ ወንዶቹን የሁለት ተዋጊ አገሮች መሪዎችና አደራዳሪ አደረጋቸው። እኛን ሴቶቹን ግን «ከጦርነቱ የሸሻችሁ ስደተኞች ናችሁ» ብሎ በሩ አጠገብ ኮለኮለን።

ወንዶቹ ግማሽ ቀን የተከራከሩት ጠረጴዛው ራስ ላይ ማን ይቀመጥ በሚለው ነው። (ጦርነቱንማ ማን አስታወሰው!)

ጓደኛዬ የሺ የቁሐር ሚካኤል ቀበሌ ልጅ ናት፤ ጎርፍ ከነከብቶቻቸው ከቤት አስወጥቷቸው ያውቃል። የምትለው ነበራትና እጇን አወጣች።

«እጅሽን አውርጂ እህቴ፤ ስደተኛ አጀንዳው ላይ የለም» አላት አደራዳሪው።

ይሄ ልጅ እኮ አባቱ እዚሁ ፎገራ ደመኞችን አስታርቀው ስንቱን ደም ያደረቁ ሽማግሌ ናቸው! እርቅ ሲቀመጡ ተበዳይ ሳይናገር ማንም አፉን እንደማይከፍት እያየ ነው ያደገው። ኮት ሲለብስ ጠፋው።

ከዚያማ ስምምነት ተፈረመ፣ ተጨበጨበ፣ ፎቶ ተነሡ። እኛ ወንበር ተሸከምን።

እናንተስ፣ ስለ እናንተ ሲወሰን በር ላይ ያስቀመጧችሁ የት ነው? ጻፉልኝ። እዚህ እጃችሁን አውርዱ የሚላችሁ የለም።